የእትዬ ሱኬሲ ሸክላ

ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ ሁለት ነገር ይከተለዋል፤ አንዱ አምሮት ነው፣ ሌላው አምሮቱን አላስበላ የምትል አንዲት ሴትዮ። የትም ይሁን የት፣ ሦስት የአንድ አገር ልጆች በተሰበሰቡበት ከሦስቱ አንዷ እሷ ናት። ድስት ከፍታ ታያለች። በማንኪያ ጫፍ ትቀምሳለች። ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አንገቷን ደፍታ፣ "ጥሩ ነው" ትላለች፤ "ግን ይሄ እሱ አይደለም።"

በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ ውስጥ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ሱኬሲ ነበሩ። የጃቫዋ ብሊታር ተወላጅ፣ የፍል ውሃው ቤት የፎጣ አጣቢዎች አለቃ፣ በገዛ ሥልጣናቸው ደግሞ በቲሳ ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ጃቫውያን በሙሉ ሊቀ ሚጥሚጣ። ቦርሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጠርሙስ ሳምባል አለ፤ በየሳምንቱ ፈጭተው ለሰው ሁሉ የሚያድሉት የሚጥሚጣ ድልህ ነው። ምግብ ቤት ገብተው የታዘዘው ሲመጣ ጠርሙሱን ያወጣሉ፤ አስተናጋጁ እያያቸው ድልሁን ያፈሱበታል፤ ከዚያ "አይፋጅም" ይላሉ። አንዴ ትርፍ አንጀቷን አስወጥታ ሆስፒታል የተኛች ልጅ ሊጠይቁ ሄዱ። የበሽተኛ ሾርባዋን ቀመሱ። "አይፋጅም" ብለው መለሱላት።

ራትሪ ሁሉንም ችላ ኖራለች። እሷ በዚያው ፍል ውሃ ቤት የሃንጋሪ አዛውንቶችን ጀርባ ስታሽ ትውላለች፤ ባሏ ሴኖ ዳቦ ቤት ይሠራል። ትዕግሥቷ ያለቀው ባረገዘች በስድስተኛው ወር፣ ሩጃክ ያማራት ጊዜ ነው።

ሩጃክ በመሠረቱ ቀላል ነገር ነው። ያልበሰለ ፍራፍሬ ተቆራርጦ፣ በሚጥሚጣ፣ በዘንባባ ስኳርና ተራሲ በሚባል፣ ሽታው ግድግዳ በሚያልፍ የተብላላ የሽሪምፕ ድልህ ተለውሶ ይበላል። አገር ቤት ቢሆን በጋሪ የሚያዞረውን ሰው በመስኮት መጥራት ነበር። ሴገድ ውስጥ ግን በመስኮት ብትጣራ ብቅ የሚሉት እማማ ቴሬዝ ናቸው፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት።

እርጉዝ ያማራትን ካልበላች ልጇ ለሃጩን ሲያዝረበርብ ይኖራል ይባላል። ራትሪ በዚህ አታምንም። ባታምንም ግን በጋሪ የሚገፋ ሕፃን ባየች ቁጥር ዓይኗ የሚያርፈው አገጩ ላይ ሆነ።

ስለዚህ ዘዴ ዘየደች። በጥሬው ማንጎ ፈንታ አረንጓዴ ፖም። በአገሯ ሥራሥር ፈንታ ካራላቤ፣ ያ የጎመን ዘመድ። በዘንባባ ስኳር ፈንታ ቡናማ ስኳር። ተራሲና የሸክላ መፍጫ ብቻ ጎደላት፤ ሁለቱም ያሉት እትዬ ሱኬሲ ዘንድ ነው። መፍጫውን ከብሊታር እስከ ቡዳፔስት፣ እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ታቅፈው ነበር ያመጡት። የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ "ላይ እናስቀምጠው" ብትላቸው፣ "አንቺን ላይ ያስቀምጥሽ" አሏት ይባላል።

"እትዬ፣ መፍጫዎን ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ" አለች ራትሪ።

"ምን ልትፈጪበት?"

"ሩጃክ አምሮኝ ነው።"

"እሰይ! ፍራፍሬው ምንድን ነው?"

"ፖም…"

"ፖም!" እትዬ ሱኬሲ በእጃቸው የያዙትን ፎጣ አስቀመጡ። "ልጄ፣ ፖም የበሽተኛ ምግብ ነው። ሚጥሚጣውስ?"

"የገበያውን በርበሬ…"

"እሱማ አይፋጅም። ምትክ የለውም፣ ራትሪ። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከአገር ቤት ትመጣለች፤ ማንጎውንም ሚጥሚጣውንም ታመጣለች። ያኔ እኔ ራሴ እፈጭልሻለሁ። እስከዚያ ታገሺ።"

"እኔስ ልታገሥ። ሆዴ ይታገሣል ወይ?"

"በኤሌክትሪክ መፍጫ እንዳትሞክሪው ደግሞ! ጩኸት እንጂ ጣዕም የለውም።"

ራትሪ ባዶ እጇን ተመለሰች። ቤቷ ገብታ ፖሙን በጨው በላችው። እውነትም የበሽተኛ ምግብ ሆነባት፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

እማማ ቴሬዝ ነገሩን ሰምተው ከእርሻቸው የቀጠፉትን በርበሬ በሳህን ይዘው ወረዱ። የሴገድ ሰው በበርበሬው ሲኮራ ለከት የለውም። "ይሄ ሁለት ባሎቼን አስለቅሷል" አሉ። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ እትዬ ሱኬሲ የራትሪ ሳሎን ተቀምጠዋል። አንዱን አንስተው እንደ ካሮት ቆርጥመው ዋጡና "ጣፋጭ ነው" አሉ። እማማ ቴሬዝ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያሽሞነሙኑት የኖሩት በርበሬ ጣፋጭ ተባለባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ የሚነፍጉት ግን እትዬ ሱኬሲን ሳይሆን ራትሪን ሆነ።

ሰባተኛው ወር ገባ። ጃቫውያን ለእርጉዝ የሚያደርጉት የሰባተኛው ወር ሥርዓት ያለ ሩጃክ አይሆንም፤ ባልና ሚስቱ ሩጃኩን ይሸጣሉ፣ እንግዳው በገል ይገዛል። ከተሰበረ ሸክላ የተለቀመ ገል ነው ገንዘቡ። ሥርዓቱን የሚመራ ታላቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በሴገድ ያለው ታላቅ ሰው ደግሞ የታወቀ ነው።

"ገል ከየት እናመጣለን?" አለ ሴኖ። "የቢራ ቆርኪ ቢሆንስ?"

"በቆርኪ የሚገዛ ሰካራም ነው" አሉ እትዬ ሱኬሲ። "ምትክ የለውም።"

ሥርዓቱ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ሐሙስ ላይ ወሬ መጣ፤ የእህታቸው ልጅ ጉዞዋን ሰርዛለች። ማንጎ የለም፣ ሚጥሚጣ የለም። እትዬ ሱኬሲ ስልክ ደወሉ።

"እንግዲህ ሥርዓቱን በጸሎት ብቻ እናደርገዋለን፤ ሩጃኩን ስትወልጂ…"

ራትሪ ከዚህ በላይ አልሰማችም። "እትዬ፣ ሩጃኩን ቅዳሜ እሠራለሁ። በፖም! በካራላቤ! በእማማ ቴሬዝ በርበሬ! በብርጭቆ ቂጥ እወቅጠዋለሁ፣ በቆርኪ እሸጠዋለሁ። ከፈለጉ ይምጡ። ካልፈለጉ ልጄ ለሃጩን እያዝረበረበ ሲያድግ፣ ያኔ መጥተው 'ይሄ እሱ አይደለም' ይበሉ!"

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ደረጃውን ወጥታ እማማ ቴሬዝን በርበሬ ለመነች፤ ይቅርታም ጠየቀች፣ ባልበደለችው።

ቅዳሜ እንግዶቹ ሳሎን ሞልተው ሳለ እትዬ ሱኬሲ መጡ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ማንንም ሳያዩ ወጥ ቤት ገቡ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ፎጣውን ፈቱ። መፍጫው ዙሪያውን በሽቦ ታስሯል። ከአፉ እስከ አፉ የሚያልፍ ስንጥቅ አለው።

"እትዬ! ይሄ መቼ ተሰነጠቀ?"

"አምና።"

"ታዲያ በየሳምንቱ ለሰው ሁሉ የሚሰጡትን ሳምባል በምን ነው የሚፈጩት?"

እትዬ ሱኬሲ ወደ ሳሎኑ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በኤሌክትሪክ።"

ራትሪ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያ ሳምባል! በእጁ የሚፈጭ ሰው እያፈረ፣ "የእትዬን እጅ ማን አገኘው" እየተባለ አንድ ዓመት ሙሉ የተመሰገነው!

"አትሳቂ። በርበሬውን አቀብይኝ" አሉ።

መጁን ጨበጡ። የእማማ ቴሬዝ በርበሬ ገባ፣ ተራሲው ገባ፣ ከሻንጣ ታች የወጣ አንድ ድንጋይ የሆነ የዘንባባ ስኳር ገባ። ለዚህ ቀን ደብቀውት የቆዩት የመጨረሻው ነበር። ሽቦው በየምቱ ሲጢጥ ይላል። ሴኖ ፖሙንና ካራላቤውን ይከትፋል፤ እትዬ ሱኬሲ ፖሙን አይተው ምንም አላሉም። ይህ በሴገድ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ቅመሙ ወደ ትሪው ተገለበጠ። ግርጌው ላይ የተጣበቀውን ስኳር ለማላቀቅ በመጁ አንድ ጊዜ መቱት።

ጧ!

ሸክላው ለብዙ ተከፈለ። እንግዶቹ ከሳሎን መጥተው ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደራረቡ። ራትሪ የሴትዮዋን ፊት ለማየት ፈራች።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ እትዬ ሱኬሲ፣ ገሉን በቀሚሳቸው እየለቀሙ። "ሸክላ ሲሰበር ገል ነው። ገንዘቡ መጣ፣ ተሰለፉ እንጂ!"

ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ገል አደሉ። እማማ ቴሬዝ እንኳ ደረሳቸው። ትልቁን ለራሳቸው አስቀርተው፣ ሰልፉን ጥሰው፣ ራትሪ ፊት ቆሙ።

"ስንት ነው?"

"ለእርስዎ ውድ ነው" አለች ራትሪ።

ገሉን ሰጧት። ጎረሱ። ጆሯቸው ቀላ፣ አፍንጫቸው ፈሰሰ፣ እንባቸው በሁለቱ ጉንጫቸው ወረደ። እማማ ቴሬዝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ፍርዱን ይጠብቃሉ።

"አይፋጅም" አሉ እትዬ ሱኬሲ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፤ "ድገሚኝ።"

ራትሪም በላች፤ እስኪያልባት፣ ትሪው እስኪጠረግ በላች። ፖም መሆኑ ትዝ ያላት ከጨረሰች በኋላ ነው።

ልጅቷ ከተወለደች አምስት ወሯ ነው። እንደ ማንኛውም ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን ለሃጯ ይዝረበረባል። ሰው ግን አያየውም፤ እትዬ ሱኬሲ ከሥራ በቀጥታ መጥተው፣ የፍል ውሃ ቤቱን ነጭ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ገና ጠብ ሳይል ያብሱታል። ራትሪ አየት ስታደርጋቸው ፎጣውን ወደ ኋላ ይሸሽጋሉ።

"ላብ ነው" ይላሉ።