ዕድሩ የወሰደው አግዳሚ ወንበር

በእኛ ሰፈር ሰው በእጁ አንድ ነገር ሲሠራ ከታየ «ልትሸጠው ነው?» ይባላል። አይ ካለ፣ «ሥራ ፈትተህ ነው?» ይከተላል። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ምክንያት እንዳለ፣ ማለትም ሰው ደስ ስላለው ብቻ ጣውላ ሊልግ እንደሚችል ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ሰሚ ግን የለኝም፤ እናንተም እስካሁን ያልተነሳችሁት ስለተቀመጣችሁ ይሆናል።

እናቴ እንደምትለው እኔ ጀማሪ ነኝ። ክራር ጀምሬ አውታሩ ሲበጠስ ትቼዋለሁ። የጎረቤታችንን ልጅ መሣል ጀምሬ አፍንጫው ላይ ስደርስ ቆሜያለሁ። «ያንተ ነገር ሁሉ ግማሽ ነው» ትለኛለች፣ ሳትቆጣ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው። ስለዚህ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ የተጣለ ፓሌት፣ ያ ዕቃ የሚደረደርበት የጣውላ ርብራብ፣ አምጥቶልኝ አግዳሚ ወንበር መሥራት ስጀምር፣ ነገሩ የመቀመጫ ጉዳይ አልነበረም። በሕይወቴ አንድ ነገር መጨረስ ነበረብኝ።

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ሰጋቱራው ከታች ያለችው ጎረቤታችን ባሰጣችው ልብስ ላይ እየዘነበ፣ እሷም ደረጃውን እየወጣች እየተቆጣችኝ፣ ጨረስኩት። አለስልሼ ዘይት ቀባሁትና ሳሎን አስገባሁት። እናቴ ዞራ አየችውና ተቀመጠችበት። ከእሷ ይህ ጭብጨባ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ከጎናችን ባለው ብሎክ ለቅሶ ሆነ። እንደምታውቁት ድንኳን ሲተከል የዕድሩ ወንበር አይበቃም፤ ሁሉም ከቤቱ ያለውን ያወርዳል። ሲያወርድም እንዳይቀላቀልበት ከሥሩ ስሙን በማርከር ይጽፋል፣ ወይም እግሩ ላይ ክር ያስራል። እኔ አግዳሚዬን ሳወርድ ምንም ምልክት አላደረግኩበትም። ሥራዬ ራሱ ስሜን ይናገራል ብዬ ነው። አልተናገረም። ድንኳኑ ሲነሳ ወንበሬ ከዕድሩ ወንበሮች ጋር ተጭኖ ዕቃ ቤት ገባ፤ ፍለጋ ስሄድ ጎኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም የዕድሩ ስም ተጽፎበት አገኘሁት።

ዕቃ ቤቱን የሚይዙት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ከባቡር ድርጅት በጡረታ የወጡ፣ ጭልፋ ጠፋ ብለው ስብሰባ የሚጠሩ ሰው። ወንበሩ የእኔ ነው፣ የሠራሁትም እኔ ነኝ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ የአናጢ ሥራ ነው» አሉኝ። «የባለሙያ እጅ ያረፈበት ያስታውቃል። አንተ የአስቴር ልጅ አይደለህ? ያ ክራር የጀመርከው?»

ይታያችሁ። በሕይወቴ የሰማሁት ትልቁ ሙገሳ ወንበሬን ሊነጥቀኝ መጣ። ዝም ብዬ ብሄድ ወንበሩ የባለሙያ ሥራ እንደተባለ ይኖራል፤ እኔ ግን ምንም ያልጨረስኩ ሰው ሆኜ እቀራለሁ። ላስመልሰው ካልኩ ደግሞ የእኔ መሆኑን ማሳየት አለብኝ፤ ለዚያ ያለኝ ምስክር አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

ገለበጥኩት። ይኸውልዎት ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምስማሩ ተጣሞብኝ ጎኑን ደፍጥጬዋለሁ። ይቺ ያለቦታዋ የበሳኋት ቀዳዳ ናት፣ በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኳት። ይሄኛው እግር አጥሮብኝ ከሥሩ የአሮጌ ጫማ ሶል ቸንክሬበታለሁ። ማስረዳት ስለምወድ እሳቸው ብቻቸውን ፈጽሞ የማያገኟቸውንም ጨመርኩላቸው።

ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው ሁሉንም በጣታቸው ዳሰሱ።

«ወይ ጉድ» አሉ ቀና ሲሉ። «እኔ እኮ እዚህ ላይ ቄሱን አስቀምጬ ነበር። በል ቶሎ አንሳልኝ።»

አነሳሁት። ደረጃውን ተሸክሜው ስወጣ ከማውረዱ ይልቅ ቀለለኝ።

አሁን ሳሎናችን ውስጥ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የዕድሩን ስም ያነብና እናቴን ቀስ ብሎ ያያታል። እሷ ታፍራለች፤ ፋቀው እያለች የብርጭቆ ወረቀቱን ራሷ ታቀብለኛለች። አልፍቀውም። ሥራዬ አንድ ሰሞን የባለሙያ ሥራ ተብሎ እንደነበር ያለኝ ማስረጃ ያ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው።