እጅህ አይቁም

(ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት። ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ቀስታ የሚባለው ሰው፣ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ጊታር ታቅፎ ተቀምጧል። ባልደረባው ሊቁ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ በማበጠሪያ ጭኑን መታ መታ እያደረገ ምት ይይዝለታል። የሊቁ ፀጉር ረጅምና በቅባት ያበራ ነው። ግድግዳው ላይ ለሚዜነት ያሰፋው አዲስ ሙሉ ልብሱ ተሰቅሏል። ሁለቱም ፀጉር አስተካካዮች ናቸው፤ ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው።)

ሊቁ፦ ቆመ!

ቀስታ፦ አልቆመም።

ሊቁ፦ በዓይኔ በብረቱ አየሁት! አፍህን ስትከፍት እጅህ ቆመ።

ቀስታ፦ አረፈ እንጂ አልቆመም።

ሊቁ፦ ማረፍና መቆም ምን ለያቸው?

ቀስታ፦ ያረፈ ይነሳል።

ሊቁ፦ እሺ፣ መቼ ነው የሚነሳው?

ቀስታ፦ አፌን ስዘጋ።

ሊቁ፦ ሰውዬ፣ እህትህ እኮ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትዳረው! ያ ሁሉ እንግዳ ፊት አንዴ ጊታር፣ አንዴ ዘፈን፣ አንዴ ጊታር፣ አንዴ ዘፈን ልታደርግ ነው? ሰው ሁለት ዘፋኞች ተጣልተው መድረክ የሚነጣጠቁ ነው የሚመስለው።

ቀስታ፦ ለየብቻ እኮ አያቅተኝም። ጊታሩ ይኸው። (የዘፈኑን ሦስት ኮርዶች እያቀያየረ አሳምሮ ይመታል።) ዘፈኑም ይኸው። (ጊታሩን በጥንቃቄ አግዳሚው ላይ አስቀምጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ይዘፍናል።)

ነገ ፀሐይ ስትወጣ፣ ይደርቃል ልብሳችን፣
ዛሬ ብንረጥብም፣ አይቀርም ሳቃችን።
ና ነፋሱ ና፣ ና ነፋሱ ና፣
የልጆቼ ልብስ አልደረቀምና!

ሊቁ፦ (ዓይኑን በፎጣ ይጠርጋል) አቦ ደስ ሲል! ይሄን ከየት አመጣኸው?

ቀስታ፦ እማዬ ልብስ ስታሰጣ የምታንጎራጉረው ነበር። እህቴ «እማዬ ሰርጌን ባታየውም፣ ዘፈኗ ይገኝልኝ» አለችኝ። ሌላ ስጦታ ይዘህ እንዳትመጣ ነው ያለችው።

ሊቁ፦ ታዲያ ያለ ጊታር ዝፈነዋ! ማን አስገደደህ?

ቀስታ፦ ጊታሩን የገዛችልኝ እሷ ናት፣ በመጀመሪያ ደሞዟ። እስከ ዛሬ የሰማችው ስቃኘው ብቻ ነው። «ዘንድሮም እየተቃኘ ነው?» ትለኛለች።

ሊቁ፦ እንግዲህ መምህር አግኝተሃል፣ አትፍራ። ግን ቃል ትገባልኛለህ። ዘፈኑን ከመጀመርህ በፊት «ይህን ያስተማረኝ ሚዜው ነው» ብለህ፣ በጣትህ ትጠቁመኛለህ።

ቀስታ፦ እሺ።

ሊቁ፦ ጮክ ብለህ። ሰው ዞሮ እንዲያየኝ።

ቀስታ፦ በየትኛው ጣት?

ሊቁ፦ በፈለግከው!

ቀስታ፦ አይ፣ ጊታሩን ስይዝ ጣቶቼ ሁሉም ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው። አስቀድሜ አንዷን ላስፈቅድ ብዬ። (ትንሽ ያስባል።) ቆይ ግን፣ አንተ ጊታር የት ተማርክ?

ሊቁ፦ ከሙዚቀኞች ጋር ዓመታት ኖሬያለሁ።

ቀስታ፦ አንድ ቤት?

ሊቁ፦ ግድግዳ ለግድግዳ።

ቀስታ፦ እና እየመጡ ያስተምሩህ ነበር?

ሊቁ፦ እነሱ ከወዲያ ይለማመዳሉ፣ እኔ ከወዲህ እተኛለሁ። ተኝተው የተማሩት ደግሞ ከሰውነት አይወጣም።

ቀስታ፦ እስቲ አንዴ እየመታህ ዝፈንልኝ፣ ልየው።

ሊቁ፦ ድምፄን ለሚዜ ንግግሬ እያስቀመጥኩት ነው።

ቀስታ፦ እጅህንስ?

ሊቁ፦ እጄን... አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ተማሪው ማነው? ያንተ በሽታ ጊታር ላይ አይደለም የጀመረህ። ሥራ ላይ ነው። ደንበኛ «እንዴት አደርክ» ሲልህ ምን ታደርጋለህ?

ቀስታ፦ መቀሱን አስቀምጬ «ደህና» እላለሁ።

ሊቁ፦ ይኸው! ስለ ልጆቹ ካወራህማ ማበጠሪያውንም ታስቀምጣለህ። አንተ ጋ የተቀመጠ ሰው በግራ በኩል ስትጨርስለት በቀኝ በኩል መልሶ አድጎ ይጠብቅሃል። እኔን እየኝ እንግዲህ። ኳስ ላይ እየተከራከርኩ፣ መንገድ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠሁ፣ መቀሴ ቆሞ ያውቃል?

ቀስታ፦ ኧረ አያውቅም። የሚቆረጥ ባይኖር እንኳ አየሩን ቀጭ ቀጭ ታደርገዋለህ።

ሊቁ፦ ለምን ይመስልሃል?

ቀስታ፦ ደንበኛው ብዙ የተሠራለት እንዲመስለው።

ሊቁ፦ (ተቆጥቶ) ምቱ እንዳይጠፋ ነው! ጊታርም እንደዚያው ነው። ክሩን ነካኸው አልነካኸው፣ እጅ መውረድ መውጣቱን አይተውም። ወሬው በራሱ ይሄዳል፣ እጁ በራሱ ይሄዳል። በል ጊታሩን አስቀምጥና መቀስህን አንሳ።

(ቀስታ መቀሱን አንስቶ አየር ላይ ያንቀጫቅጨዋል።)

ሊቁ፦ ጎሽ። አሁን ዘፈኑን ጨምርበት።

ቀስታ፦ «ነገ ፀሐይ...» (መቀሱ ቀጥ ይላል።)

ሊቁ፦ ቆመ!

ቀስታ፦ ምን ላድርግ፣ አየር መቁረጥ ያሳፍረኛል። እጄ የውሸት ሥራ መሆኑን ነቅቶበታል።

ሊቁ፦ (ጣቱን ያጮኻል) አገኘሁት! የኔ ፀጉር ጫፍ ጫፉ መነካት ነበረበት። እዚሁ ቁጭ እላለሁ፣ አንተ እየዘፈንክ ትቆርጣለህ። አንተ ትማራለህ፣ እኔ አምራለሁ።

ቀስታ፦ ባንተ ራስ? በዚህ ፀጉር? ለሰርጉ ብለህ ከበጋ ጀምሮ ያሳደግከው አይደል እንዴ!

ሊቁ፦ ታዲያስ! ፎቶ ላይ ከሙሽራው ቀድሜ እንድታይ ነው ያሳደግኩት። ለዚህ ነው ጫፉን ብቻ ያልኩህ። (ወንበሩ ላይ ወጥቶ ጨርቁን አንገቱ ላይ ያስራል።) ከመስታወቱ አዙረኝ።

ቀስታ፦ ከመስታወቱ? ለምን?

ሊቁ፦ መስታወት ካየህ ራስህን ታያለህ። ራስህን ካየህ ታፍራለህ። ካፈርክ እጅህ ይቆማል። እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ በግድግዳ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እያየሁ መስማት አይሆንልኝም። ደግሞ ስማኝ፣ መሀል ላይ ወሬ የለም! የምትለው ነገር ካለህ በዘፈኑ በለው። ምንም ነገር ቢመጣ እጅህ አይቁም።

ቀስታ፦ አዝማቹ ጋ ስደርስስ?

ሊቁ፦ አዝማች ሲመጣ ወደ ተነሳህበት ትመለሳለህ። ለዚህ አይደል አዝማች የተባለው?

ቀስታ፦ ወደ ተነሳሁበት? እርግጠኛ ነህ?

ሊቁ፦ ሁልጊዜ! አሁን ጀምር።

(ቀስታ ወንበሩን ያዞረዋል። ከቀኝ ጆሮው በላይ ይጀምራል።)

ቀስታ፦ «ነገ ፀሐይ ስትወጣ...» (መቀሱ ያመነታል።)

ሊቁ፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) እጅህ አይቁም!

ቀስታ፦ «...ይደርቃል ልብሳችን...» (ቀጭ ቀጭ ቀጭ።)

ሊቁ፦ ሄደ! ሄደ! አትየው፣ ዝም ብለህ ሂድ!

ቀስታ፦ «ዛሬ ብንረጥብም...» (መቀሱ ወደ ማጅራት ይጠጋል።) «...አይቀርም ሳቃችን።»

ሊቁ፦ አዝማቹ! ተመለስ!

(ቀስታ ፈጥኖ ወደ ቀኝ ጆሮ ይመለሳል።)

ቀስታ፦ «ና ነፋሱ ና፣ ና ነፋሱ ና...» (ቀጭ ቀጭ ቀጭ።)

ሊቁ፦ ድገመው!

(ይደግመዋል። እንደገና ከቀኝ ጆሮ ይጀምራል። ከዚያ የደረሰበትን ያያል። ዓይኑ ይፈጣል፤ እጁ ግን አይቆምም።)

ቀስታ፦ ሊቁ፣ አንድ ነገር ልንገርህ...

ሊቁ፦ ወሬ የለም ብያለሁ! ከአዝማቹ!

ቀስታ፦ «ና ነፋሱ ና፣ ና ነፋሱ ና...»

ሊቁ፦ ይሄ ዘፈን ግን ጉድ ነው! ነፋሱ እውነትም መጣ። ቀኝ ጆሮዬን በረደኝ እኮ።

ቀስታ፦ እሱን ነው ልነግርህ የፈለግኩት...

ሊቁ፦ በዘፈኑ! በዘፈኑ በለው!

(ቀስታ ጣሪያውን ያያል። በረጅሙ ይተነፍሳል።)

ቀስታ፦ «ና ተመልከት ና፣ ና ተመልከት ና፣
የቀኝ ጎንህ ፀጉር አልቀረልህምና!»

ሊቁ፦ ድንቅ! ምቱ እንደ ሰዓት ነው!

ቀስታ፦ (ድምፁን ከፍ አድርጎ)
«ዓይንህን ግለጥና፣ ዙር ወደ መስታወት፣
ግማሽ ራስ ይዘህ እንዳትገባ ሰርግ ቤት!»

ሊቁ፦ ዋው! ዋው!

ቀስታ፦ ቃሉን ሰምተኸዋል?

ሊቁ፦ ቃል ምን ያደርግልኛል? በግድግዳ ቃል አያልፍም፣ ምት ብቻ ነው የሚያልፈው። እኔ የማዳምጠው ምቱን ነው። በል አሁን ከመጀመሪያው፣ ሙሉውን!

ቀስታ፦ አዝማቹንም?

ሊቁ፦ አዝማቹን ሁለት ሁለቴ!

(ቀስታ ከመጀመሪያው ይዘፍናል። ሁሉንም። አዝማቹን ሁለት ሁለቴ። መቀሱ አንዴም አይሳሳትም። በቀኝ በኩል ያለው ወለል ይጠቁራል።)

ሊቁ፦ (ዓይኑን ሳይገልጥ) አሁን! መቀሱን ጣልና ጊታሩን አንሳ! እጅህ ሳይቀዘቅዝ!

(ቀስታ ጊታሩን ያነሳል። እጁ ይወርዳል፣ ይወጣል። አፉን ይከፍታል። ግጥሙ ያልፋል፣ አዝማቹ ይመጣል፤ የእናቱ ዘፈን ከነጊታሩ እስከ መጨረሻው ይደርሳል።)

ቀስታ፦ (በቀስታ) ሊቁ... አልቆመም።

ሊቁ፦ አልቆመም!

ቀስታ፦ አላረፈምም። (ዓይኑን በመዳፉ ያብሳል።) እህቴ ስትሰማው ምን ትል ይሆን?

ሊቁ፦ ማን ነው ያስተማረህ?

ቀስታ፦ አንተ።

ሊቁ፦ እስቲ አዙረኝ። የዚህን መምህር ፊት ልየው።

ቀስታ፦ ነገ ብታየው አይሻልም?

ሊቁ፦ አዙር እባክህ!

(ወንበሩ ይዞራል። በግራ በኩል ያ የበጋው ፀጉር ትከሻው ላይ ተኝቷል። በቀኝ በኩል ምንም የለም። ሊቁ ለረጅም ጊዜ ይመለከታል።)

ሊቁ፦ ይሄ ማነው?

ቀስታ፦ በዚህ በኩል አንተ ነህ። በዚያ በኩል ገና አልለየለትም።

ሊቁ፦ ለምን አልነገርከኝም?!

ቀስታ፦ ነገርኩህ እንጂ። ግጥም ገጥሜ፣ ቤት እንዲመታ አድርጌ ነገርኩህ። አንተው «ዋው» አልክ።

ሊቁ፦ እጅህን አታቆምም ነበር?!

ቀስታ፦ (ከልቡ ተገርሞ) አይቁም ያልከው አንተ!

ሊቁ፦ ቢያንስ ወደ ሌላው ጎን አትዞርም?

ቀስታ፦ ልዞር ስል እኮ አዝማቹ እየመጣ ይመልሰኛል። አንዴ እንደውም ማጅራትህ ጋ ደርሼ ነበር።

ሊቁ፦ (ፎጣውን ራሱ ላይ ያደርጋል፤ ያወርደዋል) ሚዜ ኮፍያ አድርጎ ያውቃል?

ቀስታ፦ አላየሁም። በፎጣም አላየሁም።

ሊቁ፦ በቃ! ግራውንም እንደ ቀኙ አድርገው። ደግሞ ካንተ አንዲት ቃል እንዳልሰማ! አፍህን ዘግተህ ቁረጥ!

(ቀስታ መቀሱን አንስቶ በግራ በኩል ይጠጋል። መቀሱ አየር ላይ ተገትሮ ይቀራል።)

ሊቁ፦ ምን ሆንክ ደግሞ?

ቀስታ፦ እጄ እንቢ አለኝ።

ሊቁ፦ ምን ማለት ነው እንቢ?

ቀስታ፦ ያለ ዘፈን አልሄድ አለ። አስተማርከው እኮ።

ሊቁ፦ (ራሱን ይይዛል፤ በአንድ በኩል እጁ ያዳልጠዋል) ዝፈን! ዝፈን በቃ!

ቀስታ፦ ከአዝማቹ ልጀምር?

ሊቁ፦ አዝማች የለም! ወደ የትም እንዳትመለስ!

(ቀስታ እየዘፈነ መቁረጥ ይጀምራል። የግራው ጎን ሊያልቅ ሲል ስልኩ ይጮኻል። በትከሻውና በጆሮው መሀል ያጣብቀዋል፤ መቀሱ ሥራውን ይቀጥላል።)

ቀስታ፦ ሄሎ፣ ሙሽሪት!... አዎ፣ ቻልኩ... አንድ ላይ እንጂ! ጊታሩም ዘፈኑም!... አይ፣ አሁንስ ተቃኝቶ አልቋል... አታልቅሺ፣ ኩልሽ ይበላሻል... ማን ይሆናል፣ ሊቁ ነዋ ያስተማረኝ። አብሮኝ ነው።

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) ስማ! ያ ቃልህ ቀርቷል! በጣትህ እንዳትጠቁመኝ!

ቀስታ፦ (ስልኩን በአገጩ ሸፍኖ) ምነው? ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያይህ አልነበር?

ሊቁ፦ አትጠቁመኝ አልኩህ! ከኋላ ነው የምቆመው፤ ፎቶም አልነሳም!

ቀስታ፦ ከኋላም ብትቆም አይዞህ... (የመጨረሻዋን ዘለላ ይቆርጣል፤ የጣሪያው አምፖል ቁልጭ ብሎ በሊቁ መላጣ አናት ላይ ይታያል።) ፎቶው ላይ ከሙሽራው ቀድመህ የምትታየው አንተ ነህ።

(መቀሱ አይቆምም።)