ፈረንሳይኛ የመረጠው አበጋዝ

(ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ መካነ ሰላም በዝናብ ጨቅይታለች። በወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ ጸሐፊው አድማሴ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከተጣፈው ጃንጥላቸው ሥር ወጥተው ጭቃ ላይ የወደቀች የዓረብኛ ጽሕፈት ያለባት ካርቶን አነሡ፤ በኮታቸው እጅጌ ጠረግ ጠረግ አድርገው ከአጥሩ ካብ ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጧትና ተመልሰው ተቀመጡ። ወዲያው ሼህ ሙጀሂድ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አለፉ፤ ምንም አላዩም። ያየው አበጋዝ ብቻ ነው። አበጋዝ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሶ ለእረፍት የመጣ የሕግ ተማሪ ነው። ጃንጥላው ሥር የተጠለለውም ዝናቡን ሸሽቶ እንጂ የአድማሴን ወግ ሽቶ አልነበረም፤ ይህንኑም ገና ሲቀመጥ ነግሯቸዋል።)

አበጋዝ፦ ጋሽ አድማሴ፣ የብስኩት ካርቶን እኮ ነው።

አድማሴ፦ ነው?

አበጋዝ፦ ዓረብኛ የተጻፈበት ሁሉ ቁርዓን መሰለዎት? ደግሞስ እርስዎ ክርስቲያን፣ ምን አገባዎት?

አድማሴ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ፊደል ሲረገጥ ደስ አይለኝም።

አበጋዝ፦ ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመለሰ፤ እኛ ካርቶን እንስማለን።

አድማሴ፦ አልሳምኳትም። ጠረግኳት እንጂ።

(አበጋዝ ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ዕውቀት ማባከን እንደሆነ ገባው፤ ሆኖም ዝናቡ ስላላባራ ማባከኑን ቀጠለ። ከቦርሳው አንድ ፎርም አወጣ። ፋኩልቲው ተማሪዎቹ አንድ የውጭ ቋንቋ እንዲመርጡ አዟል፤ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ቻይንኛ፣ ዓረብኛ። እሱ ምልክቱን በእስክሪብቶ አድርጎ ጨርሷል፤ ነገ በሚኒባስ ይልከዋል።)

አድማሴ፦ የቱን መረጥክ?

አበጋዝ፦ ፈረንሳይኛ ነዋ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መጀመሪያ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ መሆኑን ያውቃሉ?

አድማሴ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን በምን ስንካሰስ ኖርን?

አበጋዝ፦ በትርጉሙ።

አድማሴ፦ አሃ። ለካ ጎረቤቴ አራጌ በድንበር ክርክሩ የተረታው ለዚህ ነው። ዋናውን የሚያነብለት ጠፍቶ።

አበጋዝ፦ እንዲህ ላስረዳዎት። ሕግን በትርጉም ማንበብ ማለት እጮኛን በሽማግሌ እንደ መሳም ነው።

አድማሴ፦ ሽማግሌ ሆኜ ስንት ቤት ሄጃለሁ። እንዲህ ያለ መልእክት ግን ማንም ልኮኝ አያውቅም።

(አበጋዝ በረጅሙ ተነፈሰ። አድማሴ ግን ነገር ከያዙ አይለቁም፤ ቀስ እያሉ የቀሩትንም ቋንቋዎች ጠየቁት። ጀርመንኛ ለሕግ ፍልስፍና ጥሩ ነው፣ ክፋቱ ግሱን መጨረሻ ላይ እያመጣ ሰው ያደክማል አላቸው። አድማሴ እነሆ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግሱን መጨረሻ ላይ እያመጡ ሲያወሩ እንዳልደከማቸው ነገሩት። ቻይንኛ መንገድ ለሚሠራ ሰው ነው ሲላቸው ደግሞ፣ ከደሴ እዚህ ድረስ የሚሠራ ከተገኘ እሳቸው ራሳቸው እንደሚማሩት ማሉ።)

አድማሴ፦ ዓረብኛውስ?

አበጋዝ፦ እሱንማ ቁጥር ለመሙላት ነው ያስገቡት። ለመድረሳ ልጆች ይሁን። ጠበቃ በዓረብኛ ምን ይሠራል?

አድማሴ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ከዚህ ወረዳ ስንት ልጅ ፈረንሳይ አገር ሄዷል?

አበጋዝ፦ ማንም።

አድማሴ፦ ዓረብ አገርስ?

(አበጋዝ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ከገዛ ሰፈሩ ሳይወጣ ጣቱ ስላለቀበት ስለ ዝናቡ ማውራት ያዘ። በዚህ መሐል ሳዲያ መጣች፤ አበጋዝም ፎርሙን ወደ ቦርሳው መለሰ።

የሳዲያ ልጅ አርዋ ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ከሄደች ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል። ደላላው ለእናትየው ጥሎላት የሄደው በዓረብኛ ብቻ የተጻፈ የሥራ ውል ነው። ሳዲያ የዓረብኛ ፊደል ዝቅ ብሎ አይቀመጥም ብላ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ልጅ የታመመበት ጎረቤት ሁሉ ሥሩ ቆሞ ዱዓ አደረገ እንጂ አውርዶ ያነበበው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት አርዋ ደውላ "እማ፣ ደክሞኛል፣ ልምጣ" ብላ ስታለቅስ፣ እናቷ ውሉን አወረደችና እንኳን ለኛ የተማረ ልጅ ተገኘልን ብላ ቅዳሜ ገበያ መሐል ለአበጋዝ አሳየችው። አበጋዝ ሰው ተሰብስቦ እያየው ነበር። አላውቀውም ማለት ከበደው። "አራት ዓመት ይላል፤ ገና ናት" አላት።

ሳዲያ ነገ ደሴ ወርዳ ለመሥሪያ ቤቱ አቤት ልትል ነው። አራት ዓመቱ ካልሞላ ልጄን መልሱልኝ ማለት አልችልም፤ ቢቀር ወደ ደህና ቤት ያዛውሩልኝ የሚል ማመልከቻ እንዲጽፉላት አድማሴን ለመነች።)

አድማሴ፦ ውሉን ጠቅሼ ነው የምጽፈው። በል ዳኛው፣ ቃል በቃል አንብብልኝ።

አበጋዝ፦ ቅዳሜ አንብቤዋለሁ እኮ።

አድማሴ፦ እኔ ቀርፋፋ ነኝ። እየቆምክ።

(ሳዲያ ከጨርቁ የፈታችውን ውል አድማሴ ተቀብለው አየት አደረጉና ለአበጋዝ ሰጡት። እሱም በማኅተሙ አስተያይቶ ላይና ታቹን ለየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።)

አበጋዝ፦ "እኛ ስማችን ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ተዋዋይ ወገኖች..."

አድማሴ፦ ያምራል።

አበጋዝ፦ "በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ለአራት ዓመት ያህል..."

አድማሴ፦ የሪያድ ሰውም በኛ ሕግ ነው የሚዋዋለው?

አበጋዝ፦ ሕግ ዓለም አቀፍ ነው፣ ጋሽ አድማሴ።

አድማሴ፦ ፈረንሳይኛው እዚያም ደርሷላ። ቀጥል።

(አበጋዝ እየፈለሰፈ ቀጠለ፤ አድማሴም ቀና ሳይሉ ጻፉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ለሱ ዘረጉለት፤ ይሄኛው አማርኛ ነውና ለባለጉዳይዋ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት አሉት።)

አበጋዝ፦ "ልጄ አርዋ የገባችው ውል ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። ዘመኑ ሲያልቅ የመመለሻ ቲኬቷን አሠሪው ይቆርጣል ይላል። ካለቀ ስምንት ወር ስላለፈው ልጄ እንድትመለስልኝ..."

(ቆመ። ቀና ሲል አድማሴ የእስክሪብቷቸውን ክዳን ይፈልጋሉ፤ እሱን አያዩትም። ሳዲያ ግን ታየዋለች፤ "ሁለት" የሚለውን ሰምታ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። አበጋዝ ሽማግሌው ተሳስተዋል ማለት ይችል ነበር። የተማረው እሱ ነው፤ የሚታመነውም እሱ። አረንጓዴው ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ አየውና አፉ እምቢ አለው።)

አበጋዝ፦ እትዬ ሳዲያ፣ ቅዳሜ ያልኩዎት ውሸት ነው። ውሉን ማንበብ አልችልም። ጋሽ አድማሴ እንደጻፉት ሁለት ዓመት ነው፤ ልጅዎ መመለስ ትችላለች።

(ሳዲያ በመጀመሪያ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ሁለት ጊዜ። አድማሴን መረቀቻቸው። ውሉን በጨርቁ ሳይሆን ከማመልከቻው ጋር በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ አደረገች። ከዚያ ተነሥታ ቆመችና ወደ አበጋዝ ዞረች።)

ሳዲያ፦ አራት ያልከው ሁለት ከሆነ፣ የቀረውን ሁለት ዓመት አንተ ሄደህ ሥራላት።

(ሄደች። ዝናቡ አባርቷል፤ አበጋዝ ግን ከጃንጥላው ሥር አልወጣም።)

አበጋዝ፦ ዓረብኛ የት ተማሩ?

አድማሴ፦ ሱዳን፣ ገዳሪፍ። ሰባት ዓመት ሰሊጥ ስሸከም የጆንያውን ጽሑፍ እያነበብኩ። ፎርም የሰጠኝ አልነበረም።

አበጋዝ፦ ታዲያ ቅዳሜ ለምን ዝም አሉኝ?

አድማሴ፦ ከሩቅ ነበርኩ፤ ጽሑፉ አልታየኝም። ጣትህ ግን መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ሲከተል አየሁት። ዓረብኛ ከቀኝ ነው የሚነሣው። ራሱ ያስተካክለዋል ብዬ አራት ቀን ጠበቅኩህ፤ አንተ ለካ ፈረንሳይ አገር ነህ።

አበጋዝ፦ ካርቶኗስ?

አድማሴ፦ የልብስ ሳሙና ናት፤ ብስኩት አይደለችም። ሼህ ሙጀሂድ ፊደሉን ካዩ ጎንበስ ብለው ማንሣታቸው አይቀርም። ወገባቸው ደግሞ አንዴ ከጎበጠ ሁለት ሰው ነው የሚያቀናው።

(አበጋዝ ወደ ካቡ ስንጥቅ አየ፤ ካርቶኗ እዚያው ናት። ፎርሙን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ጥቁሩን የእስክሪብቶ ምልክት በጣቱ አሸት አሸት አደረገው፤ አልለቀቀም።)

አበጋዝ፦ ጋሽ አድማሴ፣ ለኔም ማመልከቻ ይጻፉልኝ።

አድማሴ፦ ለማን?

አበጋዝ፦ ለፋኩልቲው። ፈረንሳይኛ ብዬ የሞላሁት በዓረብኛ እንዲቀየርልኝ።

አድማሴ፦ እግዜር ይርዳህ፤ ደግ አስበሃል። (ንጹሕ ወረቀት ስበው ቀኑን ጻፉ።) ማመልከቻ ግን ያለ ምክንያት አይሄድም። "የማላውቀውን አንብቤ እናት አስለቅሼ" ልበል?

(ተራቸውን የሚጠብቁ ሦስት ባለጉዳዮች ከኋላ ቆመዋል። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን ያያሉ፤ ሦስቱም አማርኛ ያነባሉ።)

አበጋዝ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እባክዎ ጋሽ አድማሴ፣ ምክንያቷን ብቻ በፈረንሳይኛ ያድርጉልኝ።