የሱሀይር ምራቂ

እና ሱሀይር እዚያ ኬሚካል ሱቅ ገብታም አላፈረችም! የጎረቤቴ የጠሂራ ልጅ፣ ታውቋታላችሁ። መርካቶ ተወልዶ በገዛው ላይ ትንሽ ምራቂ ሳያስጨምር ከሱቅ የሚወጣ ሰው ካለ ታሟል ማለት ነው። ክብርት ሱሀይር ግን አበዛችው፤ አንዲት መርፌ ገዝታም «ምራቂውስ?» ትላለች።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቅመም ትመረምራለች። ከቅመም መደቤ እርዱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ኮሰረቱን ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ ትወስዳለች። አንድ ዱቄት አላት፤ በአልኮል ሲበጠበጥ ድምቅ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ይሆናል። ቅመም ስትጨምርበት፣ ቅመሙ ሰውነትን ከዝገት የሚጠብቅ ነገር ካለው ወይን ጠጁ ይለቅና ቢጫ ይላል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ቀለም ግን አይጠፋኝም።

ታዲያ ጠሂራ ቤት ስታጸዳ ያንን ብርሃን የማይወድ ዱቄት መስኮት ላይ አስቀምጣ ፀሐይ አታስመታውም! ተበላሸ። መመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ የቀራት አስር ቀን። እሷ አለቀሰች፣ እናቷ አለቀሰች፤ ሦስተኛ አልቃሽ ምን ያደርጋል ብዬ ነጠላዬን አነሳሁና ሰባተኛ ሰፈር፣ ኬሚካል ነጋዴው ጋሼ ሀብተ ወልድ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ዱቄቱን እንደ ወርቅ ትንፋሹን ይዞ መዘነላት።

«ምራቂውስ፣ ጋሼ?»

«ልጄ፣ ይሄ ሽንኩርት መሰለሽ?»

«ሽንኩርት ቢሆንማ ሁለት ራስ ነበር የምጠይቅዎት።»

«ሰላሳ ዓመት ስሸጥ ለዚህ ምራቂ የጠየቀኝ የለም!»

«እንግዲያው የሰላሳ ዓመቱን ለኔ ይስጡኛ።»

ሳቅ አመለጠው። ጠርሙሱ አፍ ላይ የቀረችውን ጠረግ አድርጎ ጨመረላት።

ሌላውን ሁሉ መርምራ የኔ ኮሰረት ብቻ ሲቀር፣ የገዛችው ዱቄት አለቀ። ያቺኑ ምራቂ በጠበጠቻት። ማታ እየሮጠች መጥታ «እማማ እታለም፣ ቢጫ ሆነ! ከሁሉም ቀድሞ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቀኝ ነው የምጨምርላት። አይ፣ ዋሸሁ። እስክትጠይቀኝ እጠብቃለሁ፤ ስትጠይቅ ድምጿ ደስ ይለኛል።

ጽሑፏን ያቀረበች ቀን የሆነውን ግን እንዳታወሩብኝ፤ እኔም ከሰባተኛ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ካሉት በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እኔና ጠሂራ ከኋላ ተቀምጠናል። አስተማሪዎቹ ጠየቁ፣ ጠየቁ፣ መለሰች። ዋናው ተነሳና «ውጤትሽ በጣም ጥሩ ነው» አላት። ልናጨበጭብ እጃችንን እንዳነሳን፣ የኔ ጉድ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ምራቂውስ?»