የመርከብ ምዝገባው ታዳሚ

ብቻውን የሚኖር ሰው ማስታወቂያ ያነባል። ባለትዳር ምን ጊዜ አለው? እኔ ግን በየሱቁ በር የተለጠፈውን ሁሉ ከአናቱ እስከ ግርጌው አነባለሁ፤ የጠፋች ድመት ካለችም ከባለቤቷ እኩል አዝናለሁ።

በቀደም ሀበሻ በሚበዛበት ጎዳና፣ ሞርስ ሮድ ላይ ካለ አንድ ሥጋ ቤት በር «የመርከብ ምዝገባ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ፤ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» የሚል አየሁ። ከሥሩ የነበረውን ደቃቅ ጽሑፍ ዝናብ አጥቦታል። ሀበሻው ተሰብስቦ ሰመር ሲገባ ሐይቅ ላይ ሊንሸራሸር ነው ብዬ ደመደምኩ። ካናል ዊንቸስተር ባለ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ሙሉ ሺፍት ከካርቶን ጋር ሲተያይ ለሚውል ሰው፣ ከሰው ጋር አንድ መርከብ ላይ መሳፈር ቀላል ነገር ነው? ጸጉሬን ተቆረጥኩ፤ ሸሚዝ ተኮስኩ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሩ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፤ የተቀመጠበት ግን የለም። ፊት ለፊት ክራቫት ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ጋሼ ይልማ ይባላሉ። ለምዝገባው እንደመጣሁ ነገርኳቸው። «አዎ፣ ስለ ምዝገባው ነው። ተቀመጥ ልጄ፣ ሰው እስኪሞላ» አሉኝ። በ«ለ» እና በ«ስለ» መካከል ይህን ያህል ባሕር መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ሰው አልሞላም። ልውጣ ብዬ በሩን አየሁ፤ እሳቸውም በሩን አዩ፣ በተስፋ። እንዴት ተደርጎ ይወጣል?

ጀመሩ። በጉልምስናቸው አውሮፓ ውስጥ በአንድ የመርከብ ጉዳይ ቢሮ ሲሠሩ፣ ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ መንግሥት ወደሚያስተዳድራት ትንሽ ደሴት ተልከው ነበር። የመንግሥቱ ባለመርከቦች ግብሩና ደንቡ ከበደን እያሉ መርከቦቻቸውን በሌላ አገር ባንዲራ ማስመዝገብ ይዘዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ሹማምንት፣ ጨርሰው ከሚሄዱብን ለደሴቷ የራሷን የመርከብ መዝገብ እንክፈትላት፤ ደንቡ ይቅለል፣ ባንዲራው ግን ከእጃችን አይውጣ ብለው መከሩ። ሕጉን ካረቀቁት አንዱ ጋሼ ይልማ ናቸው። ታዲያ አንድ የደሴቷ ዓሣ አጥማጅ፣ ወደባችን ጥልቅ አይደል፣ ይሄ ሁሉ መርከብ የት ሊቆም ነው ብሎ ጠየቃቸው። መርከቦቹ እንደማይመጡ፣ የሚወስዱት የደሴቷን ስም ብቻ እንደሆነ አስረዱት። «በስሜ የሚሄድ መርከብ ቢሰምጥ እኮ ለቅሶው እኔ ቤት ነው» አላቸው።

«የመርከብ ደህንነት መርማሪ ሕጉ ውስጥ ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ የተሟገትኩት ከዚያ በኋላ ነው» አሉ ጋሼ፣ ከኋላ ላለው ባዶ ወንበር እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ገባላቸውም።

ሲጨርሱ አዳራሹን ዞር ዞር ብለው ቃኙና «ጥያቄ ያላችሁ?» አሉ። እጄን አወጣሁ። ከብዙ ሰው መካከል እንደሚመርጥ ጥቂት አመነቱ። «እሺ፣ አንተ» አሉኝ።

«ደሴቷ ላይ ብቸኝነቱ አልከበደዎትም?»

«ይሄ ከርእሱ ውጭ ነው» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «እዚያስ ባለቤቴ አብራኝ ነበረች። የከበደኝ እዚህ ነው፤ አምና ካረፈች ወዲህ። ይህን ታሪክ ስንቴ ነግሬያት እንደ አዲስ ትሰማኝ ነበር። ልጆቼ ‹ዳድ፣ ኖት አጌን› ይሉኛል።»

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መብራት ልታጠፋ እስክትመጣ ተጫወትን። ሲሰናበቱኝ፣ ሁለተኛው ክፍል የሚመጣው ቅዳሜ እንደሆነ፣ እሱም ስለ መርከበኞቹ እንደሆነ ነገሩኝ።

ሐሙስ ዕለት የአጎቴ ልጅ ኮል አደረገልኝ። ቅዳሜ የልጁ ልደት ነው፤ ሰው ጎድሎበት ይሁን ትዝ ብዬው፣ እንድመጣ ይፈልጋል። ስብሰባ ስላለኝ አልችልም አልኩት። እኔና ስብሰባ መተዋወቃችን ገርሞት ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ለመሆኑ እንዲህ ላለው ነገር ሰው ይመጣል?» አለኝ።

«ምን ነካህ» አልኩት፤ «ሁላችንም እንመጣለን።»