የሊቀ ብረት ይበልጣል ወገብ

ሌላው ዕቃ ሲያነሳ አይቶ ዝም ማለት የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ንፋስ መውጫ ላይ ለእኛ ሰፈር የደረሰን ይበልጣል ነው። ሥራው ብየዳ ነው፤ ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሊቀ ብረት።

ሊቀ ብረት ከብየዳ ቤቱ ጓሮ የአሮጌ አይሱዙ አክስል አለው። በሁለቱም ጫፍ በቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶበታል። ይህን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም «ዴድሊፍት» ይባላል አለ፤ ከስልኩ ነው የተማረው። ማክሰኞ አምስት ጊዜ ያነሳል፣ ያርፋል፤ እንዲህ አምስት ዙር። ሐሙስ ያቀለዋል፣ አነሳሱን ለማረም። ቅዳሜ ከባዱ ቀን ነው። በእህል ነጋዴዋ በትርሲት ሚዛን እያስመዘነ በየሳምንቱ ሁለት ኪሎ ተኩል አሸዋ ያንጠለጥልበታል። ረቡዕና ዓርብ ዕረፍት።

«አባቶች ጾሙን ሲሠሩ ጡንቻ ማረፍ እንዳለበት ያውቁ ነበር» ይላል።

«ሁዳዴስ?» አልሁት አንድ ቀን።

«በሁዳዴ አልጨምርም ጋሼ ይግዛው። ያለኝን እጠብቃለሁ።»

ይህ ሁሉ በጓሮው ቢቀር ምን ነበረበት። ገበያ ወጥቶ ሠላሳ ዓመት ጆንያ የተሸከመውን ገበሬ «ወገብ ቀጥ፤ ከጉልበት ነው» ይለዋል። ጎረቤታችንን ማንጠግቦሽን ጀሪካን ስታነሳ አስቁሞ አስተማራት። «እንግዲያ አንተው አድርስልኝ» አለችው። አደረሰላት፤ እስከ ደጇ ስለ ተረከዝ እያወራ።

ባለቤቴ ፋንቱ ነሐሴ ላይ አረፈች። ቃሬዛውን ከደጄ ሊያነሱ አራቱ ሰዎች፣ አንዱ ይበልጣል፣ ጎንበስ ሲሉ፣ በለቅሶው መካከል ያ ድምፅ መጣ። «ቆይ። ወገብ ቀጥ። ከጉልበት ነው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት የአይሱዙ አክስል ሆነች ማለት ነው። ያን ቀን አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲህ ከጓሮው የብረት ድምፅ ጠፋ፤ ደግ፣ አፍሯል አልሁ። አፈረም አላፈረም አልተውሁትም። አርባዋን ብቻ ጠበቅሁ።

አርባዋ እንዳለፈ በመጀመሪያው የዕድር ስብሰባ ተነሣሁ። «ይህ ሰው ከእንግዲህ ቃሬዛ እንዳይነካ። አለዚያ ከዕድሩ እኔ እወጣለሁ።»

ዳኛችን አቶ ታፈረ መነጽራቸውን አወለቁ። በመጨረሻ የፋንቱ ጓደኛ ካሣነሽ ከሴቶቹ ወገን ተናገረች።

«ጋሼ ይግዛው፣ እርስዎ አንገትዎን ደፍተው ነበርና አላዩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ከኋላ አብሮት የያዘውን ካሌብን ጭቃው ጣለው። የኋላው ሸክም በሙሉ በይበልጣል ላይ መጣ። ያዘው። ፋንቱዬ ንቅንቅ አላለችም።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ይበልጣል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ መቀመጥ አልቻለም። ወገቡን በነጠላ ጠፍሮታል።

«አያያዜ ስህተት ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ጎብጬ ነው የያዝኋት። ጉልበቴን ለማጠፍ ጊዜ አልነበረም።»

ከዕድሩ አልወጣሁም።

ፋንቱ ከሄደች ውኃ የምቀዳው እኔ ነኝ። ትናንት ከቧንቧው ሥር ጀሪካኔን ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ከብየዳ ቤቱ በር ቆሞ ያየኛል። አፉን ሊከፍት ሲል እጄን አነሣሁበት። ዝም አለ። ይህ ለእሱ ከቅዳሜው ይከብዳል።

ተረከዜን አደላደልሁ፣ ወገቤን ቀጥ አደረግሁ፣ ከጉልበቴ ተነሣሁ። ቤቴ እስክገባ ዞሬ አላየሁትም።