አባ ቀስ ጋዝ የሰጡ ዕለት

በየሰፈሩም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ የሚነሣ፣ የተነሣውንም «ቀስ በሉ!» እያለ ልብ የሚያደርቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያሉት ሰዎች ግን ገና ጀማሪዎች ናቸው። የማዕረጉ እውነተኛ ባለቤት፣ የዝግታ ሊቀ መንበር፣ ክቡር አባ ቀስ ነበሩ፤ የመንገደኞች ጀልባ ሞተረኛ።

ስሙን ያወጡላቸው የወደብ ሠራተኞች ናቸው። እሳቸው ደግሞ እንደ ሹመት ተቀበሉት። ሾርባ ሳይቀዘቅዝ አይቀምሱም። ባለቤታቸው የጁስ መፍጫዋን ከመነሻው ሦስት ቁጥር ላይ ካደረጓት፣ ከሳሎን ሆነው ይጮኻሉ፦ «መጀመሪያ በአንድ አሙቂያት እንጂ! እሷስ ነፍስ የላትም?» ለልብ ምርመራ ሄደው ነርሷ መሮጫው ማሽን ላይ ስታወጣቸው፣ «እንዴ ልጄ፣ ሳልሞቅ ልታስሮጪኝ?» ብለው ወረፋውን በሙሉ አስቁመዋል። በሴት ልጃቸው ሠርግ ቀን መኪናውን እኔ ካልነዳሁ አሉና፣ ሙሽራዋን ያደረሷት እንግዳው ምሳውን በልቶ እጁን ሲታጠብ ነው።

ያቺ ሙሽራ ዛሬ የጀልባዋ ካፒቴን ናት። ላይ መሪውን የያዘችው ልጅ፣ ታች ሞተሯን የያዙት አባት። በመካከላቸው አንድ የውስጥ ስልክ አለ። ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ ይወርድበታል፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግን ያው «ቀስ» ብቻ ነው። ሌሎች ጀልባዎች በጎኗ እያፏጩ ሲያልፉ የካፒቴኗ ፊት ይቀላል።

«አባዬ፣ ይቺ ሞተር እኮ ከዚህ በላይ መሮጥ ትችላለች!»

«መቻሏንማ መች አጣሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድንገት በረታና በሬዲዮ የጭንቅ ጥሪ መጣ። ሰው የጫነች ሌላ ጀልባ ሞተሯ ጠፍቶባት፣ ነፋሱ ወደ ቋጥኙ እየገፋት ነው። ከሁሉም ቅርብ እነሱ ነበሩ። በአባ ቀስ አካሄድ ከሆነ ግን የሚደርሱት ለለቅሶው ነው።

ካፒቴኗ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅታ ስልኩን አነሣች። «አባዬ፣ ሰው ሊያልቅ ነው። ፉል ጋዝ ልሰጣት ነው!»

«ብዙ ሰው አለባት?»

«ጢም ብላለች። ሕፃናትም አሉ።»

አባ ቀስ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። «ስጫት። ደረጃ በደረጃ ክፈቻት፤ ከከፈትሻት በኋላ ግን እኔ ሳልልሽ እንዳትቀንሺ።»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። ቢሆንም ሰጠቻት። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ማዕበሉን ትሰነጥቀው ጀመር። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ የካፒቴኗም ጥርስ አልቀረም።

ግማሽ መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረ። እጇ ሳይታወቃት ወደ ጋዙ ሄደ። ገና ጥቂት ከመቀነሷ ስልኩ ጮኸ።

«ማነው የቀነሰው?»

«አባዬ፣ ሞተሯ እየጋለች ነው! ልትቃጠል ነው!»

«የባሕር ሣር የማቀዝቀዣ ውሃ ማጣሪያውን ዘግቶት ነው። ወደ ሌላኛው ማጣሪያ አዙሬዋለሁ። ድምፅዋን እየሰማሁት ነው፤ ምንም አልሆነችም። መልሺው!»

«ትንሽ ቀስ ብንል አይሻልም?»

«ሰው እየሰመጠ ምን ቀስ አለ? መልሺ ብያለሁ!»

መለሰችው። መርፌው እንደ ማመንታት አለና ቀስ በቀስ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሞተሯ አንዴም ሳትቀንስ ባሕሩን በሩጫ ፈጀችው። ታች ደግሞ አባ ቀስ አንዱን ማጣሪያ አጥበው ሳይጨርሱ ሌላው ይዘጋል፤ እሱን ሲያጥቡ ያኛው ይጠብቃቸዋል። በዕድሜያቸው ለአውቶቡስ እንኳ ሮጠው የማያውቁ ሰው፣ ላባቸው በጫማቸው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ከወዲያ ወዲህ ሲሯሯጡ ዋሉ።

ሲደርሱ የቋጥኙ አረፋ ሞተሯ በጠፋባት ጀልባ ላይ እየተረጨ ነበር። የመጀመሪያውን ገመድ ነፋስ ወሰደው። ሁለተኛው ተያዘ። ጎትተው ከቋጥኙ አላቀቋትና፣ አንድም ሰው ሳይጎድል ወደብ ገቡ። ጭብጨባው፣ ሳቁና ለቅሶው ተደባለቀ። ካፒቴኗን ያቀፋት ሰው ሁሉ ምስጋና ሲያዥጎደጉድባት፣ እሷ ግን «ታች ነው ያለው፣ አባቴ ነው!» እያለች ሰዉን ሰንጥቃ ወረደች።

አባ ቀስ ሞተሯን ገና አላጠፏትም። ይህን ያህል ሮጣ በአንድ ጊዜ አትጠፋም፤ በዝቅተኛው ትንሽ ትቀዝቅዝ ብለው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ትኩስ ቱቦ የነካው እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዓይናቸው ግን ያበራል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አሉ። «እዚህ ሥራ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ስትሮጥ ማየት ነበር ምኞቴ። ሰበብ አጥቼ ነው የቆየሁት።»

ካፒቴኗ ልትስቅ አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አየሻት ግን? አየሻት እንዴት እንደሮጠች?»

ዘይት በነካው ትከሻቸው ላይ ተደገፈች። «እንዴት አትሮጥ፣ አባዬ? የማን ልጅ ሆና!»